ጨው የት ሄደ?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ራት እስኪቀርብ ድረስ ጋዜጣ ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለሁ፣ በቅርቡ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጄ ውሃ ያለበት ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች ወደ እኔ መጣች። እናቷ ወጥ ስትሠራ አጠገቧ ቆማ ኖሮ፣ አንድ ማንኪያ ጨው ለምና ከውሃው ውስጥ ጨምራ አማስላዋለች።

«አባዬ፣ ጨው ጨምሬበት ነበር፤ አሁን ግን የለም። የት ሄደ?» አለችኝ።

እኔም ዐይኔን ከጋዜጣው ሳላነሣ «ጠፋ» አልኋት።

ልጅቷ ጥቂት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያም ጣቷን ከውሃው ነክራ ላሰችና ፊቷን አኮማትራ፣ «አልጠፋም አባዬ! እዚሁ አለ፤ ቅመሰው» ብላ ብርጭቆውን ወደ አፌ አስጠጋችው።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ሳቀች። እኔ ግን መሣቅ ሲገባኝ፣ «ልጅ ከአባቷ ጋር አትከራከርም፤ በይ ወደ ውስጥ ግቢ!» ብዬ ተቆጣሁ። ልጅቷም አንድ ቃል ሳትመልስ ብርጭቆዋን ይዛ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ነገር አልጠየቀችኝም። ቀድሞ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ «ለምን?» የሚለው ጥያቄዋ ከበር ላይ ይቀበለኝ ነበር፤ በእነዚያ ሦስት ቀኖች ግን የተቀበለኝ ጸጥታ ነው። ለደከመው ሰው ጸጥታ ዕረፍት ነው ይባላል፤ ለእኔ ግን ዕረፍት አልሆነልኝም።

ይህን የጓዳዬን ነገር ለአንባቢ የማወራው ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። በእኔ ቤት ብቻ የሚደረግ ቢሆን ኖሮ እዚያው በቤቴ ይቅር ባልሁ ነበር። ነገር ግን «ዝም ብለሽ ብይ»፣ «ይህ የልጅ ጥያቄ አይደለም»፣ «ስታድግ ታውቀዋለህ» የሚሉትን መልሶች ሳይሰማ ያደገ ሰው ከመካከላችን ስንት ይገኛል? እኛም አድገን ደመወዝተኞችና የቤት ባለቤቶች ስንሆን፣ እነዚያኑ መልሶች ሳናጎድል ለልጆቻችን እናወርሳቸዋለን።

እንግዲህ ለምን ተቆጣሁ? ብዬ ራሴን መረመርሁ። ደክሞኝ ነበር ማለት ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ያ አይደለም። የተቆጣሁት ስለ ተረታሁ ነው። እኔ «መሟሟት» የሚለውን ቃል በትምህርት ቤት አጥንቼ፣ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ማርክ ያገኘሁበት ሰው ነኝ። ቃሉን ዐውቀዋለሁ፤ ነገሩን ግን በጣቴ ነክሬ፣ በምላሴ ቀምሼ አላውቀውም ነበር። ያቺ ሕፃን ግን ማንም ሳያስተምራት፣ ከአባቷ የሰማችውን ቃል ከነገሩ ጋር አስተያየችው፤ አልገጠመላትም፤ አለመግጠሙንም ሳትፈራ ተናገረች። ሊቃውንት በትልልቁ ቤተ ሙከራ የሚያደርጉት ከዚህ የተለየ ነውን? መሣሪያቸው ይበልጣል፤ ልኬታቸውም ይጠነቀቃል፤ የመንገዱ መነሻ ግን ይኸው ነው።

በአራተኛው ቀን ማታ ልጄን ከአጠገቤ አስቀምጬ፣ «ያን ዕለት የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ጨው አልጠፋም። ግን እንዴት አድርገን እናውጣው?» ብዬ ጠየቅኋት። እቀልድ እንደ ሆነ ለማወቅ ፊቴን ተመለከተችው። ቀልድ አለመሆኑን ባየች ጊዜ፣ «በማጥለያ!» አለች።

በማጥለያ እንደማይወጣ ዐውቃለሁ። «አይሆንም» ለማለት ምላሴ አሳክኮኝ ነበር፤ ነገር ግን ታገሥሁ። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በብርጭቆ አፍ ላይ ወጥረን ውሃውን አጠለልነው። ቀመሰችው። «ከጨርቁ አልፎ ሄዷል» ብላ ፈረደች። በዚህ ጊዜ ከጥግ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል የነበረችው እናቴ፣ «በዝርግ ሳሕን አድርጋችሁ ከፀሐይ አስጡታ! ይህም ምክር ይፈልጋል?» አለችን። እንደ ቃሏ አደረግን። በሁለተኛው ቀን ውሃው ደርቆ፣ በሳሕኑ ላይ ነጭ ቅርፊት ቀርቶ ተገኘ። ልጄ ያንን ቅርፊት በጣቷ ፍቃ ላሰችና በቤቱ ውስጥ እየዘለለች፣ «መጣ! መጣ!» ብላ ጮኸች።

ያን ዕለት ስለ አፋር ምድር ነገርኋት። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሜዳ በሀገራችን መኖሩን፤ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት እንደ ነበረ፤ ያ ውሃ በፀሐይ ኃይል እየተነነ ሲያልቅ ጨዉ እንደ ቀረ፤ ሰዎችም ጨዉን እየፈለጡ በግመል ጭነው ወደ ደጋው ሲያወጡት እንደ ኖሩ፤ አሞሌ የሚባለውም የጨው ቁራጭ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ሆኖ ገበያ ላይ ይሠራ እንደ ነበረ ተረክሁላት። «የእኛ ሳሕን ትንሽ አፋር ናት ማለት ነው» አለችኝ። እኔ ይህን በጂኦግራፊ ትምህርት በቃሌ ይዤው ነበር፤ ሳሕኔ ትንሽ አፋር መሆኗን ግን ከልጄ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችንን በሌላ ዐይን ማየት ጀመርሁ። ለልጅ የሳይንስ ትምህርት ውድ መሣሪያና ከውጭ አገር የሚመጣ መጫወቻ ያስፈልገዋል የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ይህ ስሕተት ይመስለኛል። ወጥ ቤታችን ሙሉ ነው፤ የጎደለው አብሮ የሚያይ ሰው ነው።

ምሳሌ ልስጥ። የድስት ክዳን ሲከፈት ከውስጥ በኩል ውሃ ይንጠባጠባል። ልጄ ይህን አይታ፣ «ክዳኑ ለምን ያለቅሳል?» አለች። አሁንም መልሱን ያገኘነው ከእናቴ ነው፤ በወጣትነቷ አረቄ ታወጣ ነበርና። «አረቄም እኮ እንዲሁ ነው የሚወጣው፤ ሲነድበት ይተናል፤ እንፋሎቱ በመቃው ውስጥ ሄዶ ብርድ ሲያገኘው ተመልሶ ይንጠባጠባል» አለች። እኔም የማውቀውን ጨመርሁበት። በባሕር ወለል አጠገብ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ አልኮል ግን በ78 ዲግሪ ይፈላል፤ ስለዚህ ድፍድፉ ሲነድበት ከውሃው ይልቅ አልኮሉ እየቀደመ በብዛት ይተናል፤ አረቄው የሚበረታውም ስለዚህ ነው። እናቴ ይህን ሰምታ፣ «መጀመሪያ የሚወርደው ኃይለኛ መሆኑን እኛ ሳትወለድ ዐውቀነዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ኬሚስትሪ የሚባለው ትምህርት በሀገራችን በመጽሐፍ ከመግባቱ በፊት በማሰሮና በመቃ ይሠራበት ነበር፤ እኛ የተማርነው ግን እንደ ኬሚስትሪ አልቆጠርነውም።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከባቄላ አመጣዋለሁ። በአዲስ አበባ ባቄላና አተር ለመብሰል ብዙ ሰዓት እንደሚፈጁ የታወቀ ነው። ልጅ ሲርበው «ለምን አይበስልም?» ማለቱ አይቀርም። ምክንያቱ ከከተማችን ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ክብደት እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ቅናሹም በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በድሬዳዋ ደግሞ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አንዴ ከፈላ ወዲያ ምድጃውን ቢያነዱት ውሃው ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዝ ድስት ባቄላ ቶሎ የሚያበስለው ግፊቱን ጨምሮ ውሃው በበለጠ ሙቀት እንዲፈላ ስለሚያደርግ ነው። እንግዲህ ይህን ያወቀች እመቤት ድስቷ ከፈላ በኋላ እሳቱን ትቀንሳለች፤ ከሰሏን ወይም መብራቷን ታተርፋለች። የልጅ ጥያቄ ለቤት ወጪም ይጠቅማል ማለት ነው።

ሦስተኛው የእንጀራ ዐይን ነው። ዐይኖቹን ማን እንደ ሠራቸው ልጄ ጠየቀች። ሊጡ በእርሾው ውስጥ ባሉ በዐይን በማይታዩ ሕያዋን ነገሮች ሲቦካ፣ ከትንፋሻችን ጋር የምናወጣው ዓይነት ጋዝ ይፈጥራል፤ ምጣዱ ሲያሞቀው ጋዙና እንፋሎቱ አረፋ ሆነው ወደ ላይ ሲወጡ ቀዳዳ ይተዋሉ፤ ዐይን የምንለው እሱ ነው። ይህን ለማሳየት በጠባብ አፍ ጠርሙስ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ፣ ስኳርና የዳቦ እርሾ አድርገን በአፉ ላይ ፊኛ አጠለቅንበት። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተን ብንመለስ ፊኛው ማንም ሳይነፋው ቀና ብሎ ተነፍቶ ቆሟል። ልጄ ፊኛውን እጅ ነሥታ አለፈች።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ወዳስደነቀኝ ነገር ልለፍ። ይኸውም የጥላ ነገር ነው። ከውጭ አገር መጻሕፍት የተቀዳ ብዙ የትምህርት ጽሑፍ፣ በቀትር ጊዜ ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላል። ይህ ለአውሮፓ እውነት ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9ኛው ዲግሪ አካባቢ ነን። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት ገደማ፣ በአዲስ አበባ ላይ በቀትር ልክ በአናታችን ትቆማለች፤ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት በዚያች ሰዓት ጥላ አይኖረውም ማለት ይቻላል። በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት መካከል ባሉት ወራት የቀትር ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ይመለሳል። ቀትር የምለውም በከተማችን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

በግቢያችን አንድ እንጨት ተክለን፣ ደመና በሌለበት ቀን ሁሉ ቀትር ላይ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት እናደርግበታለን። እስቲ አስቡት፤ በሰኔ ወር አንድ የአዲስ አበባ ልጅ እንጨቱን አይቶ፣ «ጥላው ወደ ደቡብ ነው» ቢልና፣ መጽሐፉ ደግሞ «ወደ ሰሜን ነው» ቢል፣ ማን ይታመናል? እኔ በተማርሁበት ጊዜ የሚታመነው መጽሐፉ ነበር። ልጁ ግን ትክክል ነው፤ መጽሐፉም በጻፉት ሰዎች አገር ትክክል ነው። በገዛ ደጃችን የቆመውን ጥላ ሳናይ የሌላ አገር ጥላ ስናጠና መኖራችን ግን ሊያሳፍረን ይገባል።

ከጥንት ሰዎች አንዱ በእንደዚህ ያለ ጥላ ታላቅ ሥራ ሠርቶበታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በግብፅ እስክንድርያ የነበረው ኤራቶስቴንስ፣ የዐባይ ወንዝ በሚያልፍባት በአስዋን በበጋው ረጅም ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ በአናት ስትቆም፣ በእስክንድርያ ግን ጥላ መኖሩን አስተዋለ። የጥላው ማዕዘን የክብ ሃምሳኛ ክፍል ሆኖ አገኘው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት ሃምሳ ጊዜ አባዝቶ የምድርን ዙሪያ ገመተ። መነሻው ጥላ ነበር፤ ጥላ ደግሞ ዋጋ አይጠየቅበትም።

ትንሽ ነገርን አለመናቅ የሊቃውንት ጠባይ ነው። የቀጥቃጭ ልጅ የነበረውና በመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ በሠራተኛነት ያደገው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ባደረገው ምርምር ዓለም ካወቀው በኋላ እንኳ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1848 እና በ1860 ዓ.ም. በገና ሰሞን በለንደን ለወጣቶች ተከታታይ ትምህርት ሲሰጥ፣ ርእሱ ያደረገው አንዲት ሻማን ነው። ሻማዋ ለምን ትነዳለች፤ ነበልባሏ ለምን ሁለት ዓይነት ቀለም አለው፤ ስትጠፋ የሚወጣው ጭስ ምንድን ነው፤ እያለ አንዲቱን ሻማ እስኪያልቅ መረመራት። ለእኛ ልጆች ሻማ እንግዳ ነገር ነውን? መብራት በጠፋ ማታ ሁሉ ከፊታቸው አለች።

ሩቅ መሄድም አያስፈልገንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠና፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት የወንዝ ዳር ወረድ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። የቢልሃርዝያን ተሐዋስያን የሚያሳድጉ እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶቹ ይታጠቡበት የነበረው በአብዛኛው አገራችን ሸማ ሲነጣበት የኖረው እንዶድ ነው። የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ አድርገው ቢያዩት ሞቱ። ከዚህች ቀላል ሙከራ ብዙ ዓመት የፈጀ ምርምር ተከተለ፤ አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ ለስንት ዘመን በወንዞቻችን ዳር ሲወቀጥ ኖረ! በዚያ መንገድ ስንቱ የተማረ ሰው አለፈ! የሞተውን ቀንድ አውጣ አይቶ «ይህ ለምን ሞተ?» ብሎ የቆመው ግን የልጅነት ጠባዩን ያልጣለ ሰው ነው።

አሁን ሊነሡብኝ የሚችሉትን ተቃውሞዎች ልመልስ። አንዳንዱ፣ «ልጅ ሁሉን ነገር እንዲጠይቅ ከተፈቀደለት ታላቅን የማያከብር ይሆናል» ይላል። ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን መጠየቅና መዳፈር አንድ አይደሉም። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያሉት አባቶቻችን ናቸው፤ በድሮውም ትምህርት ቤት አንዱን ንባብ «አንድም፣ አንድም» እያሉ በልዩ ልዩ መንገድ ሲፈቱት የኖሩ መምህራን ጥያቄን አልፈሩም። ልጄ «አልጠፋም፤ ቅመሰው» ስትለኝ አላዋረደችኝም፤ ማስረጃዋን ወደ አፌ አቀረበችልኝ። አባቷን ያዋረደ ቢኖር፣ ባልቀመሰው ነገር የፈረደው አባቷ ራሱ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ «ጊዜ የለኝም፤ ኑሮ ከብዶኛል» ይላል። ይህ እውነት ነው፤ እኔም አብሬው ነኝ። ነገር ግን ከተጠየቀው ሁሉ አንዱን ብቻ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ አብሮ ማየት የሚሳነው ሰው ጥቂት ነው። ለቀሩት «ይህን ለእሑድ እናቆየው» ማለት ይበቃል፤ ብቻ እሑድ ሲመጣ ቃልን ማፍረስ አይገባም። ልጅ የተዘነጋ መስሎን የተስፋ ቀን ይቈጥራል።

ሦስተኛው፣ «ዛሬ ስልክ ተከፍቶ ቢጠየቅ ሁሉን ይመልሳል» ይላል። ይመልሳል። ለዚህም ነው መልስ የረከሰው። የጨዉን ነገር ስልክ በአንዲት ደቂቃ ሊነግረን ይችል ነበር፤ ግን ልጄ በጨርቅ ስታጠልል መሳሳቷን፣ ተሳስታም አለመውደቋን፣ ሁለት ቀን መታገሥን፣ መጨረሻም በገዛ ጣቷ ፍቃ ማግኘትን ከስልክ አትማረውም ነበር። ስልኩ ከሙከራው በኋላ ቢመጣ ጥሩ አጋዥ ነው፤ ቀድሞ ከመጣ ግን የልጁን ዐይን ይከድነዋል።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አብሮ ማየት ማለት ልጅን ለብቻው ከእሳት፣ ከፈላ ውሃ፣ ከላምባና ከኤሌክትሪክ ጋር መተው ማለት አይደለም። በረኪና ከሆምጣጤ ወይም ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ በፍጹም መጫወቻ ሊሆን አይገባውም፤ እንዶድም ቢሆን ለአፍ የሚሆን ነገር አይደለም። ጨውና ስኳር መቅመስ የተፈቀደላት ልጅ፣ ያላወቀችውን ነገር ሁሉ ሳትጠይቅ እንዳትቀምስ አስቀድማ መማር አለባት። ይህም ራሱ የሳይንስ ትምህርት ነው፤ ጥንቃቄ የሌለበት ምርምር የለምና።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ተማሪዎችና ወደ ወጣት ሠራተኞች ልመለስ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ገና ልጅ አልወለዳችሁ ይሆናል፤ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ግን አላችሁ። «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» እንዳትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከአንድ ዓመት በፊት አዲስ የተቀጠረ ወጣት ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ፣ «ይህ ወረቀት ለምን በሦስት ቅጂ ይሞላል? ሦስተኛውን የሚያነበው ሰው አላገኘሁም» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «አሠራሩ ነው» ብዬ መለስሁለት። ወጣቱ አመስግኖኝ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያም አልጠየቀኝም። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም ነበር። ልጄ ብርጭቆዋን ይዛ ዝም ብላ የሄደች ዕለት ግን ያ ወጣት ትዝ አለኝ። «አሠራሩ ነው» ማለት «ጠፋ» ከማለት በምን ይለያል? ሁለቱም ሳይቀምሱ የሚፈረዱ ፍርዶች ናቸው። በቤት ውስጥ «ለምን» ማለት የተከለከለ ልጅ አድጎ ቢሮ ሲገባ፣ የሚጠይቀውን ሰው ዝም ማሰኘት ሥራ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ወጣቱን ጠርቼ ሦስተኛው ቅጂ የት እንደሚሄድ አብረን ተከተልነው። ከአንድ መደርደሪያ ላይ፣ አቧራ ለብሶ፣ ከወንድሞቹ ጋር ተቀምጦ አገኘነው። ገና መፍትሔ አላገኘንለትም፤ ግን ቢያንስ የት እንደ ሄደ ዐውቀናል።

ለመሆኑ አለማወቅን እንደ ነውር መቍጠር ከየት አመጣነው? በእንቆቅልሽ ጨዋታችን እኮ እንዲህ አልነበረም። ያላወቀ ሰው «ሀገር ስጠኝ» ይባላል፤ አንዱን ከተማ ይሰጣል፤ መልሱን ይሰማል፤ ይስቃል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። ባለማወቁ የተቀጣው ቅጣት በሐሳብ የሰጣት ከተማ ብቻ ናት። ከዚህ የተሻለ የትምህርት ሥርዐት ከየት ይመጣል?

ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ከዘመድ ቤት ስንመለስ ጨረቃ ወጥታ ነበር። ልጄ ቀና ብላ አየቻትና፣ «አባዬ፣ ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኋት።

«እንግዲያው ሀገር ስጠኝ!»

«ድሬዳዋን ሰጠሁሽ፤ በይ መልሱን ንገሪኝ።»

«እኔም እኮ አላውቀውም» አለችና ሣቀች። ከዚያም እጄን ይዛ ቆም ብላ፣ መጀመሪያ በአጠገባችን ያለውን የመብራት እንጨት፣ ቀጥሎም በሩቅ የጠቆረውን የእንጦጦን ተራራ፣ በመጨረሻም ጨረቃን ተመለከተች። ጥቂት ተራመድን። «እንጨቱ ወደ ኋላ ቀረ» አለች። ደግሞ ጥቂት ተራመድን። «ተራራው ግን አልቀረም» አለች። መልሱ በምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዝም አልሁና አብሬያት መራመዴን ቀጠልሁ።